ልማታዊ ማን ነው? ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የዘለቀ ክርክር

ጥያቄውን የለጠፈው ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የህትመት ሥራ የሚሠራ ልጅ ነው። አንድ ደንበኛ የምስጋና ወረቀት ሊያሠራ ይመጣል። ወረቀቱ የሚሰጠው ለአንድ ትምህርት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ ለገዛ ነጋዴ ነው። ደንበኛው በእጁ ጽፎ ያመጣው ረቂቅ ነጋዴውን «ልማታዊ ባለሀብት» ይለዋል። ልጁ ሊያትም ሲል ቆም አለ። ይህን ቃል ተማሪ ሳለ በየቀኑ ይሰማው ነበር፤ አሁን ከሰማው ቆይቷል። ስለዚህ ጠየቀ፦ ልማታዊ በትክክል ምን ማለት ነው? ዛሬስ ይሠራል ወይ? ጥያቄው ላይ የራሱን አስተያየትም ጨመረበት። በእሱ ግምት ቃሉ ድሮም ትርጉም አልነበረውም፤ ኢህአዴግ የመንግሥት ወዳጅ ለማለት የፈጠረው ቃል ነው። ክርክሩን የለኮሰችው ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት።

መድረኩ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ አገር ቤት ያለነውም ውጭ ያሉትም፣ የምንገናኝበት የኢንተርኔት ገጽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመንገድ፣ የቤት ፍለጋ፣ የለቅሶና የሰርግ ወሬ ነው የሚበዛው። አንዲት ቃል ይህን ያህል ሰው ታነጋግራለች ብሎ የገመተ አልነበረም። ስም አልጠራም፤ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አነጋገር እተርካለሁ። ልክ ነው ብለው ብቻ ያለፉትን እዘላለሁ።

የመጀመሪያው መልስ ትሁት ነበር። ጸሐፊዋ ጠያቂውን አመስግና ከሥሩ ጀመረች። ልማታዊ የመጣው ከልማት ነው፣ ልማትም ለማ ከሚለው ግሥ። ለማ ከየትኛውም ፓርቲ በፊት የነበረ ቃል ነው፤ ወላጆች ልጃቸውን ለማ፣ ይልማ የሚሉት ቤቱ እንዲሞላ፣ ዘሩ እንዲበዛ ተመኝተው ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ዊ» ታሪካዊ፣ ሀገራዊ፣ መንፈሳዊ በሚሉት ላይ የምናውቃት ናት። እንግዲህ በሰዋስው ብንሄድ ልማታዊ ማለት ልማትን የሚመለከት ማለት ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

2ኛው ተስማማ፤ ግን አንድ ነገር አነሳ። ታሪካዊ ቦታ ሲባል ሄደን ቦታውን እናየዋለን። ልማታዊ ሰው ሲባልስ የሚታየው ምኑ ነው? ሥራው ነው ወይስ አመለካከቱ? ወደዚህች ጥያቄ ብዙ ሰው ተመልሷል። የክሩ፣ ማለትም የዚህ የጥያቄና መልስ ሰንሰለት፣ እምብርት እሷ ናት ብዬ አምናለሁ።

3ኛውን የጻፉት ደሴ ውስጥ ለብዙ ዓመት ኢኮኖሚክስ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ከመድረኩ ብዙው ሰው ተማሪያቸው ስለነበር ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ጠያቂውን በለሰለሰ ቃል አረሙት። ልማታዊ መንግሥት፣ ማለትም ኢኮኖሚውን ራሱ እየመራ ልማት የሚያመጣ መንግሥት፣ የሚለው ሐሳብ ኢህአዴግ ቤት አልተወለደም። ቻልመርስ ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1982 እ.ኤ.አ. ስለ ጃፓን የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር በጻፈው ጥናት ነው ስሙ የታወቀው። ከዚያ ደቡብ ኮሪያንና ታይዋንን ለመግለጽ ዋለ። ወደ እኛ ያመጡት አቶ መለስ ዜናዊ ናቸው። በተለይ ከ1997 ምርጫ በኋላ እየጎላ መጣ፤ በ2003 ከተጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ጋር ደግሞ በየወረዳው፣ በየቀበሌው ገባ።

መምህሩ እዚህ ላይ አላቆሙም። በፓርክ ቹንግ ሂ ዘመን የኮሪያ መንግሥት ባንኮቹን በእጁ አድርጎ ለመረጣቸው ኩባንያዎች ርካሽ ብድር ይሰጥ ነበር። ብድሩ ግን ግዴታ ነበረበት። ኩባንያው ወደ ውጭ የሚልከው ዕቃ መጠን ይነገረዋል። ካልላከ ብድሩ ይቀርበታል። እንግዲህ እዚያ አንድን ባለሀብት ልማታዊ የሚያሰኘው ለመንግሥት ያለው ፍቅር ሳይሆን ወደብ ላይ የሚቆጠረው ዕቃው ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ ድጋፉ መጣ፣ ቆጠራው ግን ላላ። ይህ የመምህሩ ፍርድ ነው፣ እኔም እስማማበታለሁ። ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት መልስ ይህ ነው።

እስከ 6ኛው ድረስ ምስጋና ነው። ከዚያ 7ኛው መጣና ነገሩን ሰፈር አስገባው። የጻፈችው ሰኞ ገበያ አካባቢ ያደገች ልጅ ናት። ልማታዊ የሚለው ቃል ብቻውን አልመጣም፣ ተቃራኒውን ይዞ ነው የመጣው አለች፦ ኪራይ ሰብሳቢ። እናቷ ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ክፍል ለተማሪዎች ያከራያሉ። መተዳደሪያቸው እሱ ነው። አንድ ቀን ሬዲዮ ሲያዳምጡ ኪራይ ሰብሳቢነት ከሥሩ መነቀል አለበት ሲባል ሰሙ። ደነገጡ። ለመደንገጥም ምክንያት ነበራቸው። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የልጅቷ አያት የሚያከራዩት ቤት ሄዷል። ቤት አከራይቶ መኖር ለግለሰብ ክልክል ሲሆን፣ እስከ 100 ብር የሚከራየው ቤት ወደ ቀበሌ ሲገባ በልጅነታቸው አይተዋል። ያ ዘመን ተመልሶ መጣ ብለው አመኑ። ተከራዮቹን ተማሪዎች ጠርተው፣ ሰው ከጠየቃቸው የእህታቸው ልጆች ነን እንዲሉ አስጠኗቸው። ልጅቷ ወሬውን የሰማችው ከተማሪዎቹ ነው። እናቷን ለማረጋጋት ጊዜ ፈጅቶባታል፤ ዛሬም ቢሆን ኪራይ በሰው ፊት አይቀበሉም ትላለች።

ይህን ሳነብ ከልቤ አዘንኩ። በአዳራሽ የሚነገር ቃል አዳራሽ ውስጥ አይቀርም። ሬዲዮው የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው ነበር፤ የደነገጡት ግን ሁለት ክፍል የሚያከራዩ እናት ናቸው። ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳቸውም።

8ኛው መልስ የዚያው የመምህሩ ነው፤ ቃሉን ቀስ ብለው ፈቱት። በኢኮኖሚክስ አነጋገር እዚህ ላይ ኪራይ የሚባለው የቤት ኪራይ አይደለም። ሰው አዲስ ነገር ሳያመርት፣ ሕግን ወይም ሹመትን ወይም ዝምድናን ተጠቅሞ ከሌላው ኪስ የሚያገኘው ጥቅም ነው። ሐሳቡን ጎርደን ተሎክ በ1967 እ.ኤ.አ. ጻፈው፤ ስሙን ያወጣችለት አን ክሩገር ናት፣ በ1974 እ.ኤ.አ.። ምሳሌዋ ሕንድና ቱርክ ነበሩ፤ ነጋዴ ዕቃ በማምረት ፈንታ የዕቃ ማስመጫ ፈቃድ ለማግኘት ደጅ ሲጠና ጉልበቱና ገንዘቡ የሚያልቅበትን አሠራር ነው ያጠናችው። በዚህ ሚዛን እናትየዋ ኪራይ ሰብሳቢ አይደሉም። ክፍል ይሰጣሉ፣ ዋጋውን ይቀበላሉ። ኪራይ ሰብሳቢው መሬት በዘመድ አግኝቶ፣ በቆርቆሮ አጥሮ፣ ዋጋው ሲወጣ የሚሸጠው ነው። መምህሩ መልሳቸውን ለእናትየዋ ሰላምታ በመላክ ጨረሱ። ልጅቷም አነበብኩላቸው ብላ መለሰች።

ከ9ኛው እስከ 12ኛው ያለው የጨዋታ ነው፤ ቃሉ በሰው አፍ ውስጥ የት እንደደረሰ ግን በደንብ ያሳያል። አንዱ የካፌ አስተናጋጅ ጥሩ ጉርሻ የሚሰጥ ደንበኛ ሲመጣ ልማታዊ መጣ እያሉ እርስ በርስ ይጠራሩ እንደነበር ነገረን። ሌላዋ አማቷ ጎበዝ ምራት ለማለት ልማታዊ ይሏት ነበር። እኔን ይበልጥ የገረመኝ 11ኛው ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የሚመላለስ ሰው ነው። ረዳቱ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሲጨምር አንዳንዱ ይጮሃል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይጠጋል። ዝም ብሎ የሚጠጋውን ረዳቱ ልማታዊ ተሳፋሪ ይለዋል። ሐረጎን እስኪወርዱ ድረስ እንዲህ ተጣበው ነው የሚሄዱት። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ልማታዊ ማለት የሚያለማ ማለት አይደለም። የማያማርር ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ይህን ትርጉም አይሰጥም፤ ረዳቱ ግን ከየትም አላመጣውም። ቃሉ ስብሰባ ላይ እንዴት እንደሚሠራ አይቶ ነው።

13ኛው ረጅም ነው። የኮምቦልቻ ገበሬ ልጅ ነው የጻፈው። ለፋብሪካና ለመንገድ ቦታ ሲፈለግ የአባቱ ማሳ ተወሰደ። ጤፍና ማሽላ የሚያበቅል ሜዳ ነበር። በወረቀቱ ላይ የአባቱ ስም የተጻፈው የልማት ተነሺ ተብሎ ነው። ስብሰባ ላይ ደግሞ መሬቱን ሳያንገራግር ስለለቀቀ ልማታዊ አርሶ አደር ተብሎ ተጨበጨበለት። ልጁ የሕጉን ነገር በደንብ ያውቃል። በ1997 በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ የሚያገኘው የማፈናቀያ ካሳ፣ ከመልቀቁ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ያገኝ የነበረው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን አሻሽሎ ከ3ቱ የመጨረሻ ዓመታት የተሻለውን ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ። አባቱ በፊተኛው ነው የተስተናገዱት። ገንዘቡ መጣ፣ ከፊሉ ቤት ተሠራበት፣ ቀሪው በዋጋ ንረት አለቀ። አባቱ ዛሬ የሰው ግቢ ይጠብቃሉ። ልጁ ፋብሪካ አይሠራ አላለም። እህቱ በ2009 በተከፈተው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስትሰፋ ኖራለች፤ ደመወዟ ትንሽ ቢሆንም ቤቱን ደግፏል። ያለው ሌላ ነው። አባቱ ልማታዊ የተባሉት ባለሙት ነገር አይደለም፣ በለቀቁት ነው። አርባ ዓመት ያንን ማሳ ሲያለሙ ማንም ልማታዊ ብሏቸው አያውቅም።

እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ በኋላ ክሩ ቢዘጋ አይገርመኝም ነበር። ግን ገና መጋጋሉ ነው።

14ኛው የቀድሞ የቀበሌ ሠራተኛ ነው። በጨዋነት ጀምሮ በቁጣ ጨረሰ። እናንተ የምትስቁበት ቃል እኔን ያሠራኝ ቃል ነው አለ። ጥርና የካቲት ከሕዝቡ ጋር ለተፋሰስ ሥራ ወጥቶ ድንጋይ ተሸክሟል፣ እርከን ሠርቷል። አንድ ለአምስት የሚባለውን አደረጃጀት ሰው ይጠላዋል፤ እሱ ግን በዚያ መንገድ እናቶች ጤና ጣቢያ እንዲወልዱ አድርጓል። ዛሬ በእርከኑ ላይ ሣር የሚያጭዱ ሰዎች ቃሉን ሲያላግጡበት ያመዋል። ልማታዊ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ አለ። ይህን መልስ ማንም እንዲንቀው አልፈልግም። እርከኑ አለ፤ ሄዶ ማየት ይቻላል።

ችግሩ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነበር። ጠያቂው ፀረ ልማት ነው፣ ምናልባትም ውጭ አገር ተቀምጦ ነው የሚጽፈው አለ። እዚህ ላይ ወላፈኑ ተነሳ። 15ኛው ባለ ማተሚያውን ፒያሳ ሄዶ ማግኘት እንደሚቻል አስታውሶ፣ ሰው ቃል ስለጠየቀ ፀረ ልማት የሚባልበት ዘመን አልፏል አለ። 16ኛው ባለጌ ነበር፤ አስተዳዳሪዋ አጠፋችው። 17ኛው ደግሞ የቀበሌውን ሰው አበል እየበላህ ነው ድንጋይ የተሸከምከው ብሎ ወረፈው። እሱም መለሰ። እስከ 21ኛው ድረስ ያለውን መተረክ ምንም አይጠቅምም። መሐል ላይ 19ኛው ብቻ ነው ቁም ነገር ያለው። ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው። ሰፈሩ ውስጥ መንገዱ ለኮብልስቶን ተብሎ ተቆፍሮ ክረምት ገባበት። ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥበት ስብሰባ ላይ ተነስቶ መቼ ነው የሚያልቀው ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው ፀረ ልማት አስተሳሰብ ብሎ አሳፈረው። ልጁ የጠየቀው ልማቱ እንዲያልቅለት ነበር። ይህን ጽፎ ሌላ ነገር ሳይጨምር ወጣ።

22ኛውን የጻፉት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ለሁለቱም ወገን ተግሣጽ ነበር። ቅጽል ስንት ዋጋ እንደሚያስከፍል እኛ እናውቃለን አሉ። በደርግ ጊዜ አብዮታዊ የሚል ቃል ነበር። መጀመሪያ ሰልፉን፣ ዘፈኑንና ዘመቻውን ያሞቅ ነበር። በኋላ አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት ሲባል ያ ሰው ተገደለ ማለት ሆነ። ከዚያ በተቃራኒው አድሃሪ አለ። ጎረቤት ከጎረቤት የተቀያየመበትን ይህን ቃል ወጣቶቹ ዛሬ ትርጉሙን እንኳ አያውቁትም። ልማታዊና ፀረ ልማት እንደዚያ ደም አላፈሰሱም፣ ማመሳሰል አይገባም አሉ። ይሁንና ሰውን ለሁለት የሚከፍል ቅጽል ሲመጣ ገና በጊዜ ትርጉሙን መጠየቅ ደግ ነው፤ ልጁ መጠየቁ ነውር የለውም። የቀበሌውም ሰው ሠርቷልና ይከበር። ከዚህ በኋላ ሁለት ሰው ይቅርታ ተጠያየቀ። ሽማግሌ ባለበት ቤት እንዲህ ነው።

23ኛው ከቅሬ፣ ሌላው አገር እድር ከሚለው፣ ነገር ጀመረ። ወሎ ውስጥ ቅሬ ለቅሶ ብቻ አይደለም። በእነሱ መንደር ምንጭ ሲጎለብት አሸዋና ድንጋይ ያቀረበው ቅሬው ነው። ሲሚንቶው ከዕርዳታ መጣ፣ ጉልበቱ የሰፈሩ ነበር። ሲያልቅ ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አሜን አለ። በዚያ ቀን ማንም ማንንም ልማታዊ አላለም። ስሙ የተጠራ ቢኖር ድንጋይ ከሩቅ ያመጣው ባለ በቅሎው ሰውዬ ነበር፣ እሱም እግዜር ይስጥልኝ ተባለ። ጸሐፊዋ ቃሉ አያስፈልግም እያለች አይደለም። ሥራው በዓይን ሲታይ ቅጽሉን የሚፈልገው ሰው ያንሳል ነው የምትለው።

ከ25ኛው ጀምሮ ነገሩ ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ ሆነ። አንድ የደሴ ልጅ ልማት የሚባለው ሁሉ ወደ ኮምቦልቻ ወርዷል አለ፤ ፋብሪካው፣ ኤርፖርቱ፣ ፓርኩ። የኮምቦልቻ ልጆች ወዲያው መጡ። ደሴ ቢሮውንና ሆስፒታሉን ይዛ ምን ታለቅሳለች አሉ። ከዚያ ወደ ባቡሩ ሄዱ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መስመር ሥራው በ2007 ነበር የተጀመረው፣ ያፒ መርከዚ በተባለው የቱርክ ኩባንያ። ሐዲዱ ተዘርግቶ ባቡር ሳይመላለስበት ዓመታት አለፉ። 29ኛው ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ለመክፈት ቦታ ይዞ የቀረ ሰው ነው። 31ኛው የ2014ቱን ጦርነት አነሳ፤ ፓርኩ የተዘረፈውም ያኔ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ዕቃ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስታስወጣ ትዕዛዝ ቀረ፣ ልጃገረዶቹም ወደየቤታቸው ተመለሱ። ይህ ሁሉ ከጥያቄው የራቀ ይመስላል። ለእኔ ግን ያን ያህል አልራቀም። ልማታዊ የሚለው ቃል ይምልበት የነበረው በእነዚሁ ነገሮች ነው፤ በሐዲዱ፣ በፓርኩ፣ በመንገዱ።

34ኛው ክሩን መለሰው። የባንክ ሰው ነው። መምህሩ ስለ ኮሪያ ብድር ያሉትን ጠቅሶ እኛም ጋ ተመሳሳይ ነገር እንደነበር አስታወሰ። ከ2003 ጀምሮ የግል ባንኮች ከሚሰጡት እያንዳንዱ ብድር 27 በመቶውን የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ተገድደው ነበር። በአነስተኛ ወለድ የተሰበሰበው ገንዘብ በአብዛኛው ለልማት ባንክ ብድር ሄደ። ግዴታው የተነሳው በ2012 ነው። እንግዲህ የደሴ ነጋዴ ባንክ ሄዶ ብድር የለም ሲባል ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነበር። ያ ነጋዴ ሳያውቀው ልማታዊ ሆኗል አለ የባንኩ ሰው፤ ከሌሎቹ ይልቅ በትክክለኛው ትርጉሙ። ብድሩን የወሰዱት ሁሉ ግን እንደ ኮሪያዎቹ አልተጠየቁም።

36ኛው በሙያው ጋዜጠኛ ነው፤ ልማታዊ ጋዜጠኛ ተባልኩ እንጂ ስሙን ራሴ አልመረጥኩትም ይላል። ልማታዊ ጋዜጠኝነት የተጀመረው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ አካባቢ ነው። የጀመሩት ሰዎች የፈለጉት ጋዜጣ ከሹማምንት ጉዞና ከአደጋ ወሬ ወጥቶ የገበሬውን ኑሮ፣ የውሃውን፣ የዘሩን ነገር በጥናት እንዲጽፍ ነበር። የተበላሸ ፕሮጀክትን ማጋለጥም የዚያው ሥራ አካል ነው። እሱ የተማረው እንዲህ ነበር። ሥራ ሲገባ የጠበቀው ምርቃትና ሪባን ቆረጣ መዘገብ ሆነ። አንድ የውሃ ቦኖ ተመርቆ ውሃ ሳይመጣበት ሦስት ወር መቆየቱን ጽፎ ነበር፤ ልማታዊ አይደለም ተብሎ ዜናው ቀረ። በትውልድ ቦታው ትርጉም ከሄድን እኮ ከጻፋቸው ሁሉ ልማታዊው ያ ነበር።

38ኛው ሌላ አቅጣጫ ያዘ። በ2012 ኢህአዴግ ወደ ብልጽግና ፓርቲ ሲለወጥ ልማታዊ የሚለው ቃል ከአደባባይ ቀስ እያለ ወረደ። ሀገር በቀል የሚለው ወጣ። ነገ ደግሞ ሌላ ይመጣል። ስለዚህ ጠያቂው አይጨነቅ፣ ጊዜው ያለፈበት ቃል ነው። 39ኛዋ ተቃወመች። ቃሉን ፓርቲ ስለተወው አማርኛ አይተወውም፤ ሰዉ የዚያች ምራት አማት እንደሚሉት፣ ሚኒባስ ረዳቱ እንደሚለው ይዞታል። ይህ ትክክል ነው።

41ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የ2ኛውን ጥያቄ መለስ ብዬ ያዝኩ። እስካሁን የተነገረውን ስንመለከት ቃሉ በሥራ ላይ ሲቀመጥ አይዋሽም። ልማታዊ ሥራ ሲባል እርከኑ፣ ምንጩ፣ ትምህርት ቤቱ አለ ወይስ የለም ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ይቆጠራል። በሰው ላይ ሲቀመጥ ግን የሚቆጠር ነገር ይጠፋል። ያ ሰው ደግ ነው፣ የእኛ ነው፣ አይጠይቅም ማለት ይሆናል። የኮምቦልቻው ገበሬ ማሳቸውን ሲያርሱ ያልተሰጣቸው ስም ዝም ሲሉ ተሰጣቸው። ባጃጅ ነጂው ደግሞ ሥራው እንዲያልቅ ሲጠይቅ ተነጠቀ። ቃሉ ይጥፋ አልልም። የቀበሌው ሰው በሠራው እርከን ይኮራ፣ ይገባዋል። የምለው፣ ከሰው ስም ፊት ሲደረግ ምን ሠርቶ የሚለው አብሮ ይጻፍ፣ ካልተጻፈም አድማጩ ይጠይቅ ነው።

42ኛው ከእኔ ጋር አልተስማማም። ሰውን በቅጽል ማመስገን የሁሉም አገር ወግ ነው፣ ጀግና ስንልም እኮ ማስረጃ አንጠይቅም አለ። አሁንም የምመልስለት አለኝ፤ ጀግና አልተባልክም ተብሎ መሬት ወይም ብድር የተከለከለ ሰው የለም። ልማታዊ ግን በወረቀት ላይ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ቃል ነበር። 43ኛው የቀበሌው ሰው ነው፤ በዚህ እንስማማለን ብሎ ጻፈ። ደስ አለኝ።

44ኛው ጠያቂው ልጅ ነው። ደንበኛውን አማክሮ ወረቀቱን አትሞታል። ልማታዊ የሚለው ቀርቶ ነጋዴው ለትምህርት ቤቱ የገዛው ወንበርና ጠረጴዛ በዝርዝር ገባ። ቃሉን የኢህአዴግ ፈጠራ ማለቱን ግን በግማሽ ብቻ ነው የመለሰው። ሐሳቡ ከውጭ ቢመጣም እኛ የምናውቀውን መልኩን የሰጠው እዚህ ያለው አጠቃቀም ነው አለ። ጋሼ ይህን አልተቃወሙም።

ክሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። 47ኛዋ አዲስ ሴት ናት፤ ከዚህ በፊት መድረኩ ላይ ጽፋ አታውቅም። በደሴ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ውስጥ ሠርታለች። ፕሮግራሙ በገጠር ከ1997 ጀምሮ ያለ ነው፤ በከተማ በ2009 ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች ደሴ አንዷ ነበረች። መንገድ ጠርጋለች፣ ቦይ ጠርጋለች፣ ችግኝ ተክላለች። ሰው ሁሉ ሴፍቲኔት እያለ ነው የሚጠራት፤ ልማታዊ የሚለውን ማንም አይጨምርም፣ መታወቂያዋ ላይ ብቻ ነው ያለው። መምህሩ ወዲያው ገቡ። እዚህ ላይ ያለው ልማታዊ ከውጭው ስም ፕሮዳክቲቭ የሚለውን ለመተካት የገባ ነው፤ ከልማታዊ መንግሥት ይልቅ ለምርታማ ይቀርባል። ዕርዳታው በነጻ የሚታደል ሳይሆን ጉልበት ያለው ሰው ሠርቶ የሚያገኘው መሆኑን ለማሳየት ነው። መሥራት የማይችሉት ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ።

ሴትየዋ አመሰገነቻቸው። የመጣችበት ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። ከደመወዟ የቆጠበችው አለ፣ ለሥራ መነሻ የተሰጣትም ተጨምሮበት በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ መሸጥ ጀምራለች። በሚያዋጣ ዋጋ የሚፈጭላት ወፍጮ ቤት አጥታለች፤ ደግሞም ኮምቦልቻ ማድረስ ትፈልጋለች። ማን ያውቃል ብላ ጠየቀች። 49ኛው የቀበሌው ሰው ነው፣ የአክስቱ ወፍጮ ሮቢት እንዳለ ነገራት። ባጃጅ ነጂው እስከ መናኸሪያ ያለውን ዕቃ አደርስልሻለሁ አለ። የኮምቦልቻው ገበሬ ልጅ ደግሞ እህቱ ፓርኩን ከተወች ወዲህ ትንሽ ሱቅ እንዳላት ጽፎ፣ በርበሬው በኪሎ ስንት እንደሆነና አዋዜ ትሠራ እንደሆነ ጠየቃት። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የዋጋ ድርድር ነው።